ሰርቨር ስንት ሰው ይችላል? እየጨመረ በሚሄድ ጫና ሥር አቅምን ስለ መለካት

ደሴ ላይ ለተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሰርቨር፣ ማለትም የብዙ ተገልጋዮችን ጥያቄ በኔትወርክ እየተቀበለ የሚመልስ ኮምፒዩተር፣ በማቆምና በመንከባከብ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉ ይልቅ ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ «ይህ ሰርቨር ስንት ሰው ይችላል?» የሚል ነው። ጠያቂው የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ አምስት መቶ፣ ሺህ ወይም አምስት ሺህ። ቁጥሩ በግዥ ሰነዱ ላይ ይሰፍራል፣ በርክክቡ ቀን ይፈረምበታል፣ ከዚያም የምዝገባው ወይም የውጤት መግለጫው ዕለት ሲደርስ ሥርዓቱ የተፈረመበትን ቁጥር ግማሽ እንኳ ሳያስተናግድ ይቆማል። ሰርቨር እንደ ጆንያ ይህን ያህል ኪሎ ሲገባበት ሞላ የሚባል ዕቃ አይደለም። የሚችለው ብዛት እያንዳንዱ ጉዳይ በሚወስደው ጊዜ ይወሰናል፣ ያ ጊዜ ደግሞ ጫናው በጨመረ ቁጥር ራሱ ይለወጣል። የጫና ሙከራ የሚባለው ሥራ ይህን ለውጥ ተከታትሎ መመዝገብ ነው።

ነገሩን በምናውቀው መንገድ እንጀምረው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ሐረጎን መውጣት ስላለበት ተሳፋሪው ርቀቱን የሚቆጥረው በደቂቃ ነው። አንድ ሚኒባስ ደሴ ደርሶ ተመልሶ እንደገና ተራ እስኪይዝ 80 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ወደ መናኸሪያው ደግሞ በየ5 ደቂቃው አንድ ሚኒባስ የሚሞላ ሰው ይመጣል እንበል። ተራ አስከባሪው ማንንም ሳያጉላላ ለመሸኘት የሚያስፈልጉት መኪኖች 80 ለ5 ሲካፈል የሚገኙት 16 ናቸው። ማኅበሩ 20 መኪና ካለው አራቱ ትርፍ ናቸው፣ መናኸሪያውም ሰላም ነው። አሁን በክረምት ጧት ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ ደርሶ መልሱ 120 ደቂቃ ቢሆን፣ የተሳፋሪው ቁጥር በአንድ ሰው እንኳ ሳይጨምር የሚያስፈልገው መኪና 24 ይሆናል። ያለው ግን 20 ነው፤ ስለዚህ በየ5 ደቂቃው ይነሣ የነበረው ሚኒባስ በየ6 ደቂቃው ይነሣል። በሰዓት 12 መኪና የሚሞላ ሰው እየመጣ የሚሄደው 10 መኪና ብቻ ነው። የሁለት መኪና ሰው በየሰዓቱ መናኸሪያው ላይ ይቀራል፣ ጉሙ እስኪገለጥም ድረስ ክምችቱ እያደገ ይሄዳል።

ይህን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1961 በማስረጃ ያጸናው አሜሪካዊው ጆን ሊትል ስለሆነ የሊትል ሕግ ይባላል። በአንድ ሥርዓት ውስጥ በማንኛውም ጊዜ በአማካይ የሚገኙት ጉዳዮች ብዛት፣ ጉዳዮቹ የሚመጡበት ፍጥነት በእያንዳንዱ ጉዳይ የቆይታ ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ወደ ሰርቨር ስንመልሰው፣ በሰከንድ 100 ጥያቄ የሚመጣና እያንዳንዱ 0.2 ሰከንድ የሚቆይ ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚያዙት ሠራተኛ ፕሮሰሶች (ጥያቄዎቹን የሚሠሩት የፕሮግራም ቅጂዎች) 20 ናቸው። ከጀርባ ያለው ዳታቤዝ፣ ማለትም መዝገቦቹን የሚያስቀምጠው ፕሮግራም፣ ዘግይቶ ቆይታው 2 ሰከንድ ከሆነ ግን ያው በሰከንድ 100 ጥያቄ 200 ፕሮሰስ ይይዛል። «ሰው በዛበት» እየተባለ የሚወራለት መቋረጥ ብዙ ጊዜ ሰው ያልበዛበት፣ ውስጡ ብቻ የዘገየ ሰርቨር ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ሁልጊዜ ተጨማሪ ማሽን ይጠይቃል፤ የሐረጎን ጉም ግን መኪና በመግዛት ማንሣት አይቻልም።

ፕሮሰስ የምንለው በኮምፒዩተሩ ውስጥ በሥራ ላይ ያለ፣ የራሱ የሜሞሪ ድርሻ የተሰጠው አንድ የፕሮግራም ቅጂ ነው። ዛሬም በብዙ ቦታ በሚሠራበት ነባር አደረጃጀት አንድ ፕሮሰስ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የያዘውን ሳይጨርስ ሌላ አይቀበልም። አፓች የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር በዚህ አደረጃጀት ሲሠራ፣ ባለሙያው ካልቀየረው በስተቀር እስከ 256 ጥያቄ በአንድ ጊዜ ለማስተናገድ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ቁጥሩ በቂ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮሰስ 60 ሜጋባይት ሜሞሪ ቢይዝ 256ቱ በድምሩ 15 ጊጋባይት ይፈልጋሉ፤ ማሽኑ ያለው 8 ጊጋባይት ከሆነ ኮምፒዩተሩ የጎደለውን ከዲስክ ለመበደር ይገደዳል። ዲስክ ከሜሞሪ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘገምተኛ ነው። በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱ ጥያቄ ቆይታ ይረዝማል፣ ቆይታው ሲረዝም በሊትል ሕግ መሠረት ተጨማሪ ፕሮሰስ ያስፈልጋል፣ ተጨማሪው ፕሮሰስ ተጨማሪ ሜሞሪ ይወስዳል፣ ማሽኑም በራሱ ክብደት ይሰጥማል። ስለዚህ የፕሮሰሱን ቁጥር ከፍ ማድረግ አቅም ከመጨመር ይልቅ አቅም የሚያሳጣበት ነጥብ አለ።

ከበስተኋላም ሌላ ጠባብ በር ይጠብቃል። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ለእያንዳንዱ ተገናኝ የራሱን ፕሮሰስ ይመድባል፣ ካልተቀየረም በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው፤ ከዚህም ሦስቱ ለአስተዳዳሪው የተያዙ ናቸው። የፊተኛው በር 256 ሰው እያስገባ የውስጡ 97 ብቻ ሲያስገባ፣ የቀሩት በሳሎኑ ተሰብስበው የሚቆዩበት ወይም በስህተት መልእክት የሚመለሱበት ሁኔታ ይፈጠራል። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያየ ሰው ሙከራ ሳያደርግ ችግሩን ይደርስበት ነበር። ይሁንና ብዙ ጊዜ አንዱን የሚያውቀው አንድ ባለሙያ፣ ሌላውን የሚያውቀው ሌላ ባለሙያ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙትም ሥርዓቱ ከቆመ በኋላ ነው።

ሌላ አደረጃጀት መኖሩ እርግጥ ነው። ዳን ኬገል የተባለ ባለሙያ አንድ ሰርቨር 10 ሺህ ተገልጋይ በአንድ ጊዜ እንዴት ሊይዝ ይችላል የሚለውን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1999 ካነሣ ወዲህ፣ አንድ ፕሮሰስ በሺህ የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን እየተዘዋወረ የሚከታተልባቸው እንደ ኤንጂንኤክስ ያሉ ሰርቨሮች ተስፋፍተዋል። በኤሪክሰን ኩባንያ በተፈጠረው በኤርላንግ ቋንቋ የተጻፉ ሥርዓቶችም ጥቂት ኪሎባይት ብቻ የሚይዙ ቀላል ፕሮሰሶችን በመቶ ሺህ ደረጃ ያንቀሳቅሳሉ። እነዚህ ገደቡን ያርቁታል እንጂ አያጠፉትም፤ ከዚህ በታች የምለውም በሁሉም ላይ ይሠራል።

የቋንቋው ስም የተወሰደለት ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው ጽሑፍ የስልክ ጥሪዎች በዘፈቀደ ሲመጡ የሚከተሉትን ሥርዓት በሒሳብ አሳየ፤ ዛሬ ስለ ወረፋ የምናውቀው ከዚያ ጀምሮ የተገነባ ነው። ዋናውን ነገር በወፍጮ ቤት ማየት ይቻላል። አንድ ወፍጮ ብቻ አለ፣ የአንድ ሰው እህል በአማካይ 6 ደቂቃ ይፈጃል፣ አስፈጪዎቹም ቀጠሮ ሳይዙ እንደ ቀናቸው ይመጣሉ እንበል። አንዱ አንድ ቁና፣ ሌላው ኩንታል ይዞ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ አንድ ሰው ከመጣበት እስከሚሄድበት የሚቆየው ጊዜ፣ በግምት፣ 6 ደቂቃው ወፍጮው ሥራ ፈት ለሚሆንበት ድርሻ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ወፍጮው ግማሹን ጊዜ ሥራ ፈት ከሆነ ቆይታው 12 ደቂቃ ነው። ሥራ ፈትነቱ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ 30 ደቂቃ፣ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ 60 ደቂቃ፣ ወደ 5 በመቶ ሲወርድ ደግሞ 120 ደቂቃ ይሆናል። ከ90 በመቶ ሥራ ወደ 95 በመቶ ሥራ የተደረገችው ያች ትንሽ ጭማሪ ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ አንድ ሰዓት ጨመረችበት። ባለቤቱ ወፍጮዬ አንድም ደቂቃ ሥራ አልፈታም ብሎ ሊደሰት ይችላል፤ በሩ ላይ የቆመችው እናት ግን የምታየው ሌላ ነገር ነው። ሰርቨሩ 95 በመቶ ሥራ ላይ ነው ሲባል «ገና 5 በመቶ ይቀረናል» ብሎ መጽናናት የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ጫናው ደረጃ በደረጃ ሲጨመር የሚታየው መልክ ይህ ነው። በመጀመሪያ ሥርዓቱ የመጣውን ሁሉ ይሠራል፣ የምላሹም ጊዜ ብዙም አይለወጥም። ከዚያ ውጤቱ በግራፍ ሲሣል መስመሩ የሚጎብጥበት ቦታ ይደርሳል፤ በሰከንድ የሚሠራው ሥራ መጨመሩን ያቆማል፣ ቆይታው ግን ሽቅብ ይወጣል። ከዚያም ካለፈ ጫናው ሲጨምር የሚሠራው ሥራ ጭራሽ ይቀንሳል፤ ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው የማሽኑ ክፍል) በብዙ ፕሮሰሶች መካከል በመዘዋወር፣ ፕሮሰሶቹም አንዱ የቆለፈው መረጃ እስኪለቀቅ ሌላው በመጠበቅ ጊዜያቸውን ይጨርሱታልና። ሙከራው ዋጋ የሚኖረው ከመጉበጫው ወዲያ ሲያልፍ ነው። «በ500 ሰው ሞክረነው በደንብ ሠርቷል» የሚል ሪፖርት የሚነግረን ከ500 በታች ያለውን ሜዳ ብቻ ነው፤ ገደሉ በ510 ላይ ይሁን በ5,000 አናውቅም።

በኮምቦልቻ ለአንድ ተቋም የምዝገባ ሥርዓት ያደረግነውን የሌሊት ሙከራ እዚህ ላይ በዝርዝር ላንሣው። ጫናውን በየ5 ደቂቃው እየጨመርን የእያንዳንዱን ጥያቄ የምላሽ ጊዜ በነጥብ እናስቀምጥ ነበር። እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ነጥቦቹ በሙሉ ከታች ተሰብስበው ቆዩ። ከዚያ በኋላ ከታችኛው ክምር ተለይቶ በ1 ሰከንድ ላይ ቀጭን መስመር ታየ፣ ቀጥሎም በ3 ሰከንድ ላይ ሌላ፣ ጥቂት ቆይቶ በ7 ሰከንድ ላይ ሦስተኛ። በመካከላቸው ምንም የለም። ፕሮሰሰሩ ግማሹን ሥራ ፈት ነበር፣ ሜሞሪውም አልሞላም። ዳታቤዙን፣ ኔትወርኩን፣ ሁሉንም ስንጠረጥር አብራን የነበረችው ተለማማጅ «ጋሼ፣ ነጥቦቹ ለምን በ1፣ በ3 እና በ7 ላይ ብቻ ይቆማሉ?» አለችኝ። መልሱ በጥያቄዋ ውስጥ ነበር። አዲስ ግንኙነት የሚጠይቅ ኮምፒዩተር መልስ ካላገኘ ከ1 ሰከንድ በኋላ ደግሞ ይጠይቃል፣ ካልሆነም 2 ሰከንድ፣ ቀጥሎም 4 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ድምሩ 1፣ 3፣ 7 ይመጣል። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ወደ ፕሮግራሙ ሳይደርሱ በር ላይ እየተጣሉ ነበር ማለት ነው። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር ማስኬጃ ሥርዓት ገና ያልተስተናገዱ ግንኙነቶችን የሚያቆይበት ወረፋ በቆዩት ስሪቶች ካልተቀየረ 128 ብቻ ይይዝ ነበር፤ ከ5.4 ስሪት ጀምሮ ወደ 4,096 ከፍ ብሏል። የእኛው ማሽን የቆየው ነበር።

ይሁን እንጂ ወረፋውን ማስረዘም መፍትሔ እንዳልሆነ ወዲያው ተረዳን፤ ወረፋው የሞላው ከፊት ያሉት ፕሮሰሶች በሙሉ ስለተያዙ ነው። ሁሉም ይጠብቁ የነበሩት ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ በዳታቤዙ ውስጥ ቀጣዩን የመለያ ቁጥር የምትሰጥ አንዲት የሠንጠረዥ መስመር። እያንዳንዱ ምዝገባ ያችን መስመር ቆልፎ ቁጥሩን ይወስዳል፣ መዝገቡን ጽፎ እስኪጨርስም ቁልፉን አይለቅም። ቁልፉ ለ25 ሺኛ ሰከንድ ቢያዝ፣ በሰከንድ ሊመዘገብ የሚችለው ሰው ከ40 አይበልጥም። መቶ ሰርቨር ቢደረደር ያው 40 ነው። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያስቀመጠው ሐሳብ ይህንኑ ይገልጻል፤ ከጠቅላላው ሥራ 5 በመቶው በተራ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ የቀረውን ለስንትም ፕሮሰሰር ብናከፋፍለው ፍጥነቱ ከ20 እጥፍ አያልፍም። ቁጥር አሰጣጡን ዳታቤዙ ራሱ መስመር ሳይቆልፍ ወደሚያከናውንበት መንገድ ስናዞረው ነጥቦቹ ወደ ታች ተመለሱ። ማሽን አልተገዛም።

የመፈተኛው መሣሪያም ራሱ ገደብ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ጄሜትርን በመሰለ ፕሮግራም ከአንድ ላፕቶፕ ጫና የሚልክ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ግንኙነት የሚከፍት ከሆነ በራሱ ማሽን ላይ የመውጫ ወደብ ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ አንዱን ግንኙነት ከሌላው የሚለይበት ቁጥር፣ ያስፈልገዋል። ሊኑክስ ለዚህ የሚጠቀመው ከ32,768 እስከ 60,999 ያለውን ሲሆን በድምሩ 28,232 ወደብ ነው፤ የተዘጋ ወደብ ደግሞ ለ60 ሰከንድ ያህል ታግዶ ይቆያል። 28,232 ለ60 ሲካፈል 470 ገደማ ስለሚሆን፣ ከዚህ በላይ በሰከንድ ወደ አንድ ሰርቨር ለመላክ የሚሞክረው ላፕቶፕ ይወድቃል፤ ሪፖርቱ ግን ሰርቨሩ ወደቀ ይላል። ባዶ ዳታቤዝ ላይ መሞከርም እንዲሁ ያሳስታል፤ መቶ መዝገብ ያለበት ሠንጠረዥ የሚሰጠው ፍጥነት ሚሊዮን መዝገብ ሲገባበት የለም።

ከሁሉም የከፋው፣ በእኔ አስተያየት፣ ትሑት ሞካሪ የሚፈጥረው ስህተት ነው። ብዙዎቹ የመፈተኛ ፕሮግራሞች አንድ ጥያቄ ልከው ምላሹ እስኪመጣ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ቀጣዩን ይልካሉ። ሰርቨሩ ሲዘገይ እነርሱም አብረው ስለሚዘገዩ ጫናው በሚያስፈልግበት ሰዓት ይቀንሳል። እውነተኛው ተገልጋይ ግን ሰርቨሩ ዘገየ ብሎ ከቤቱ አይቀርም። ምላሽ 10 ሺኛ ሰከንድ የሚፈጅበት ሰርቨር በ100 ሰከንድ ሙከራ ውስጥ ለ10 ሰከንድ ቢደርቅ፣ ትሑቱ ሞካሪ 9,000 ፈጣን ምላሽና አንድ የ10 ሰከንድ ምላሽ ይመዘግባል፤ «ከ100 ጥያቄ 99ኙ በ10 ሺኛ ሰከንድ ተመለሱ» ብሎም ይጽፋል። ጥያቄዎቹ በሰከንድ 100 ሆነው ሳያቋርጡ ቢመጡ ኖሮ ግን በዚያ 10 ሰከንድ ውስጥ 1,000 ሰው በር ላይ ይቆም ነበር፤ ከጠቅላላው ተገልጋይ ከ100 አንዱም ከ9 ሰከንድ በላይ ይጠብቅ ነበር። ጊል ቴኔ የተባለው ባለሙያ ይህን ስህተት ስም ሰጥቶ በሰፊው አስተምሯል። በመስኮቱ ፊት የደረሱትን ብቻ ጠይቆ «ወረፋ የለም» እንደማለት ነው። ስለዚህ ጫናው በሰዓት መቁጠሪያ እንዲላክ፣ ቆይታውም ጥያቄው መላክ ከነበረበት ቅጽበት ጀምሮ እንዲቆጠር ማድረግ ያስፈልጋል። አማካይ ቁጥርም ብቻውን አይበቃም፤ ከ100 አንዱ፣ ከ1,000 አንዱ ምን እንደደረሰበት መታየት አለበት።

ከገደቡ ባሻገር የሚሆነውንም መመልከት ያሻል። ምላሽ የዘገየበት ሰው ገጹን ደጋግሞ ይጫናል፣ አንድ ሰው ሦስትና አራት ጥያቄ ይሆናል፣ ሰርቨሩም ባለቤቱ ትቶት የሄደውን ጥያቄ ሲሠራ ይውላል። በዚህ ጊዜ ጫናው ወደ ቀድሞው ቢመለስ እንኳ ሥርዓቱ ላይነሣ ይችላል። በከተማችን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል፤ የየቅርንጫፉ ኮምፒዩተሮች ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአንድነት ሰርቨሩን ይጠራሉ፣ የዕለቱ ከፍተኛ ጫናም ያ ደቂቃ ይሆናል። ለዚህ የሚረዳው ወረፋውን በልክ ገድቦ ትርፉን ወዲያውኑ ግልጽ በሆነ መልእክት መመለስ፣ የጊዜ ገደብ ያለፈበትን ጥያቄ መጣል፣ ተገልጋይ ፕሮግራሞችም ድጋሚ ከመጠየቃቸው በፊት እየተለያየ በሚረዝም ጊዜ እንዲቆዩ ማድረግ ነው። ከ1,000 ሰው 600ውን አስተናግዶ 400ውን «ከ10 ደቂቃ በኋላ ይሞክሩ» የሚል ሥርዓት፣ ሺሁንም አስገብቶ ማንንም ከማያስተናግድ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የሚደረገው በራስ ሰርቨር ላይ ወይም ባለቤቱ በጽሑፍ በፈቀደው ላይ ብቻ ነው። ያለ ፈቃድ የተላከ ጫና ሰርቨሩ ለተገልጋዮቹ እንዳይደርስ የሚያደርግ ጥቃት ስለሆነ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። ፈቃድ ሲኖርም ሥራ በሌለበት ሌሊት፣ በመጀመሪያ ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ ሆኖ፣ ቀጥሎ ተገልጋዩ ካለበት ሥፍራ መሞከር ይገባል፤ ሁለቱ ውጤቶች ሲለያዩ ልዩነቱ የኔትወርክ መስመሩ ድርሻ ነው።

እንግዲህ «ስንት ሰው ይችላል?» ለሚለው በርክክብ ሰነዱ ላይ ሊሰፍር የሚገባው መልስ እንዲህ ያለ ነው፤ «በሰከንድ 300 ጥያቄ ለአንድ ሰዓት ሳያቋርጥ ሲመጣ ከ100 ጥያቄ 99ኙ ከ1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመለሳሉ፤ መስመሩ በሰከንድ 420 ላይ ይጎብጣል፤ በሰከንድ 600 ሲመጣ 400ው ይስተናገዳሉ፣ 200ው ወዲያውኑ በመልእክት ይመለሳሉ፤ ጫናው ሲወርድ ሥርዓቱ ማንም ሳይነካው በ2 ደቂቃ ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።» ቁጥሮቹን እኔ ለምሳሌ ያስቀመጥኋቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ ተቋም የራሱን በሙከራ ያገኛል። ከሥሩም ሙከራው የተደረገበት ቀን፣ በዳታቤዙ ውስጥ የነበረው የመዝገብ ብዛትና የሶፍትዌሩ ስሪት ይጻፋል፤ ከሦስቱ አንዱ በተለወጠ ጊዜ ሙከራው ከመጀመሪያው ይደገማል።